የጋሽ ፈንታው ቁጥር

ተሾመች ካርድ ክፍል ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ማን ምን እንዳመመው፣ ማን በሰው ስም ካርድ አውጥቶ እንደታከመ፣ የትኛው ባለትዳር ሚስቱን «መስክ ወጣሁ» ብሎ አሥር ቀን ሙሉ መርፌ ሲወጋ እንደሰነበተ የምታውቅ እሷ ናት። ማወቁን ታውቃለች፤ መናገሩን ነው የማታውቅበት። ጎረቤቷ የሺሃረግ በየእሑዱ ብቅ እያለች «እንደው ያቺ የመምህሩ ሚስት ምን ሆና ነው እናንተ ዘንድ የምትመላለሰው?» ስትላት፣ «ሰው መታመሙ ብርቅ ነው እንዴ?» ብላ ጎመኗን መክተፍ ትቀጥላለች። የሺሃረግም «አንቺስ ሆድሽ ጉድጓድ ነው፤ የገባ አይወጣም» ብላ ተናዳ ትሄዳለች። ተሾመች ታዲያ በምንም ሳይሆን በዚህ ነበር የምትኮራው።

የዶክተር ዓለምሰገድ ክሊኒክ አራት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ስለዚህ ተሾመች በመስኮቷ ስም ጠርታ አታውቅም፤ ቁጥር ነው የምትጠራው። ሰው የሚሸሸው ዓይነት በሽታ ያለባቸውን ካርድ ደግሞ ከመደርደሪያው አውጥታ በራሷ መሳቢያ ትቆልፍበታለች። ይህን አድርጊ ያላት የለም። ጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ ስትጠርግ ማንበብ እንደምትወድ ስላየች ብቻ ነው።

ከተቆለፈባቸው ካርዶች አንዱ የሮዳስ ነበር። ሮዳስ ጴጥሮስ መጀመሪያ የመጣችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ከሸኮ በላይ ካለው ኮረብታ እጇን ይዞ አመጣት። ትምህርት ቤት ወድቃ አረፋ ደፍቃ፣ ልጆቹ ጥለዋት ሸሽተው፣ መምህሩ ክብሪት ጭሮ አሽትቷት፣ ከዚያም ጋኔን ነው ተብሎ ሁለት ሳምንት ተጸልዮላት ነበር። ዶክተሩ መረመራትና «የሚጥል በሽታ ነው፤ በየቀኑ ክኒን ከዋጠች እንደ ማንም ሰው ትኖራለች» አለ። እውነትም ኖረች። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀችም። ተምራ ሸኮ በቤተ ክርስቲያናቸው አፀደ ሕፃናት አስተማሪ ሆነች። ቲቶ የሚባል ልጅ አጫት፤ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ያኔ ስትወድቅ ያዩዋት ሰዎች በጸሎት ዳነች ብለው ነገሩን ረስተውታል፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ በሽታ መሆኑን የሚያውቁት ዶክተሩ፣ ተሾመችና እሷ ራሷ ብቻ ነበሩ። በየሁለት ወሩ «ልብስ ልገዛ» ብላ ሚዛን ትወርድና ክኒኗን በቦርሳዋ ሥር ደብቃ ትመለሳለች።

«ለቲቶ ለምን አትነግሪውም?» አለቻት ተሾመች አንድ ቀን፣ በረንዳው ጭር ሲል።

«እነግረዋለሁ እትዬ። ከሰርጉ በኋላ፣ ቀስ ብዬ። እናቱን ስለማያውቋቸው ነው።»

«እሺ የኔ ልጅ፤ የራስሽ ጉዳይ ነው፤ በራስሽ ጊዜ ንገሪው» አለቻት፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እንግዲህ ስለ ጋሽ ፈንታው ቁጥር መናገር ያስፈልጋል። ጋሽ ፈንታው ሸኮ ውስጥ ቡና ከገበሬው እየሰበሰቡ የሚያቀርቡ ሰው ናቸው። ዱሮ በዚያ ኮረብታ ላይ ስልክ የነበራቸው፣ ኔትወርክም የሚያገኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ገበሬው ሁሉ የትም ሄዶ «ስልክ ቁጥር?» ሲባል «ጋሽ ፈንታው ጋ ደውሉ» ይላል፤ ቁጥራቸውን እንደ አባቱ ስም በቃሉ ይዞታል። ክሊኒኩ ውጤት ሲደርስ ይደውላል፤ ጋሽ ፈንታው «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ይላሉ፤ ቡና ሊያስመዝን የመጣ ሰው መልእክቱን ይዞ ይሄዳል። ምን እንዳመመው አይጠይቁም፤ ክሊኒኩም አይነግራቸውም። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ሠራ። በኋላ ገበሬውም ስልክ ገዛ፣ ሮዳስም ስልክ ገዛች፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ግን ማን ያስታውሰዋል? የጋሽ ፈንታው ቁጥር እዚያው ቀረ።

ባለፈው ዓመት ዶክተር ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ዌብሳይት ካላወጣሁ አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ደግ ነበር። «አንድ ሰው ለአንድ ወረቀት ውጤት ከሸኮና ከማሻ ድረስ ለምን ይንከራተታል? ስልክ ቁጥሩን ያስገባል፣ ውጤቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል» አለ። ይህን እንዲሠራ የሚስቱን ወንድም ቴዲን አመጣ። ቴዲ ጎበዝ ነው፣ ጣቱ ይፈጥናል፣ ጆሮው ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ሰክቷል። ለተሾመች ኮምፒዩተር ተሰጣትና የካርዱን ሁሉ ስም፣ ስልክና በሽታ እየቀዳች እንድታስገባ ታዘዘች።

በሦስተኛው ቀን ያ ቁጥር ስድስተኛ ጊዜ መጣ። በሳምንቱ ሠላሳ አንድ ካርድ ላይ አገኘችው። ሄዳ ቴዲን ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ቴዲ፣ ይሄ ቁጥር የአንድ ሰው ነው፤ ካርዱ ግን የሠላሳ አንድ ሰው ነው።»

«ችግር የለውም ማዘር፤ ሲስተሙ ይቀበለዋል።»

«መቀበሉን አይደለም የጠየቅኩህ። ጋሽ ፈንታው ቁጥራቸውን ቢያስገቡ የማንን ውጤት ነው የሚያዩት?»

ቴዲ ጆሮው ላይ ያለውን ነቀለና አሰበ። «የሁሉንም» አለ። «ግን እኮ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ምን ብለው ያስገባሉ?»

ተሾመች ዶክተሩ ዘንድ ገባች። ዶክተሩ የዌብሳይቱን ምረቃ ጥሪ ወረቀት ይፈርም ነበር። ቀና ሳይል ሰማትና «ልክ ነሽ እትዬ፤ ከምረቃው በኋላ አንድ በአንድ እያስጠራን እናስተካክለዋለን። አሁን ግን ቦታው ባዶ ከሆነ ስለማይቀበል ያለውን አስገቢው» አላት። ይህን ብሎ ሌላ ወረቀት ሳበ።

እዚህ ላይ ተሾመችን ማንም አያድናትም፤ እሷም ራሷን አታድንም። ሠላሳ አንዱን ካርድ መሳቢያዋ ውስጥ ትታ «ጨርሻለሁ» ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ግን በዚያ ሰሞን ነርሷ ትዕግሥት ለቀልድ «እንግዲህ ሁሉ ኮምፒዩተር ከገባ ካርድ ክፍል ሊዘጋ ነው» ብላ ነበር። ቀልዱ ሆዷ ውስጥ ገብቶ አደረ። አምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የት ትሄዳለች? አሮጊቷ ኮምፒዩተር አቃታት እንዳይባል አንድም ሳትተው አስገባች። የሮዳስንም በገዛ ጣቷ ጻፈችው።

ምረቃው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሆነ። ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ፣ መምህራን መጡ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ። ጋሽ ፈንታው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። መድረክ መሪው እንግዶቹን ሲያስተዋውቅ «ከሸኮ የእናቶች ኅብረት ተወካይ፣ ወይዘሮ ምሕረት» አለና አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴት ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ተሾመች ከኋላ ሆና አየቻቸው። የቲቶ እናት ናቸው፤ ሮዳስ የምትፈራቸው ሴት።

ዶክተሩ ተናገረ፤ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ግድግዳው ላይ ዌብሳይቱ በፕሮጀክተር በርቷል፤ የክሊኒኩ ፎቶ፣ የሚዛን ኮረብታ፣ ከሥሩ «የእርስዎ ጤና፣ የእርስዎ ሚስጥር» የሚል ጽሑፍ። ያንን ጽሑፍ ያወጣው ቴዲ ነው።

«አሁን ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይሞክርልን» አለ ዶክተሩ። «ጋሽ ፈንታው፣ ባለፈው ወር ተመርምረው የለ? ሚስጥሬ ነው ካላሉ…»

«የኔ ስኳር ምን ሚስጥር አለው?» አሉ ጋሽ ፈንታው እየሳቁ። «ሻይ በቀረበልኝ ቁጥር ለአገሩ ሁሉ ነው የማውጀው።» ሰው ሳቀ። ተነሡና ቁጥራቸውን ጮክ ብለው፣ ዜሮ ዘጠኝ ብለው ጀመሩ።

ተሾመች ክው አለች። ብድግ ብላ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ» አለች። ዶክተሩ ዞሮ አያትና እጁን ዝቅ ዝቅ አደረገ። «ለስላሳው ይቆይ እትዬ፣ በኋላ ይደርሳል» አለ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ተሾመች የሰው ዓይን ሲያርፍባት ቁጭ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ ተኝታም ነቅታም ያንን መቀመጧን ታስበዋለች። መጮህ ትችል ነበር። ኤሌክትሪኩን መንቀል ትችል ነበር። አልጮኸችም፤ እንደ ጨዋ ሰው ቁጭ አለች።

ቴዲ የመጨረሻውን ቁጥር ጻፈና ተጫነው። ግድግዳው በስም ሞላ። ሠላሳ አንድ ስም ከነአባቱ፣ ከየስሙ ጎን ዕድሜና በሽታ። ጋሽ ፈንታው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «ይሄ ሁሉ እኔን ነው እንዴ ያመመኝ?» አሉ። በዚህም ተሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ። እኛ ደግሞ የተጻፈ ነገር ስናይ በሆዳችን ማንበብ አናውቅበትም፤ ከኋላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረው፤ እገሌ የሳንባ ነቀርሳ፣ እገሊት የማኅፀን፣ እገሌ የአባላዘር። ቴዲ ተደናግጦ የሆነ ነገር ነካ፤ ጽሑፉ መጥፋቱ ቀርቶ ጎላ። «ሮዳስ ጴጥሮስ፣ 22፣ የሚጥል በሽታ፣ ክትትል ላይ» የሚለው ግድግዳውን ሞላው። ገመዱ ሲነቀል ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም ነበር። ግን ስልኩን አንሥቶ ምረቃውን የሚቀርጽ ሰው ሃያ ይሆናል። ወይዘሮ ምሕረት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ለስላሳውም ሳይደርስ፣ ወጥተው ሄዱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄኛው ከአፋፍም አልፎ ቴፒ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሽተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሮዳስ መጣች። በመስኮቱ አልመጣችም፤ በሩን ከፍታ ገባች። አላለቀሰችም። ተሾመች ብታለቅስ ይሻላት ነበር።

«እትዬ፣ ያን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በኮምፒዩተሩም?»

«በኮምፒዩተሩም እኔ ነኝ።»

«አባቴ እኮ ከሰው ሁሉ እርስዎን ነበር የሚያምነው» አለች ሮዳስ። ተሾመች ወንበር ሳበችላት፤ ሮዳስ አልተቀመጠችም። የመጣችበትን ቆማ ተናገረች። የአፀደ ሕፃናቱ ኮሚቴ ነገሩ እስኪጣራ ቤት ተቀመጪ ብሏታል፤ ሁለት እናቶች «ልጃችንን አቅፋ ብትወድቅስ?» ብለው ልጆቻቸውን አስቀርተዋል። ቲቶ አልተጣላትም። «ውሸት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ አምጪልኝ፣ እናቴን አሳምናለሁ» ብሏታል።

«እውነቱን ንገሪው፤ አሁን ጊዜው ነው» አለች ተሾመች።

«ጊዜውንማ እናንተ ወሰዳችሁት» አለች ሮዳስ። «አሁን ብነግረው አንዴ መታመሜን፣ አንዴ መደበቄን ነው የሚሰማው። ወረቀቱን አስጽፉልኝ።»

ዶክተሩ ለወረቀቱ አላስቸገረም፤ ለካ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ከሠላሳ አንዱ ሰው ሦስቱ ሊከሱት ዳር ዳር እያሉ ነበር። ወዲያው ተቀምጦ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጻፈ። በዕለቱ የታዩት ስሞችና በሽታዎች ለሙከራ ያህል የገቡ እንጂ የክሊኒኩ ታካሚዎች አይደሉም፤ ወይዘሪት ሮዳስም በዚህ ክሊኒክ ታክማ አታውቅም፤ ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን። ፈረመ፣ ማኅተሙን መታበት። የጻፈውም፣ ማኅተሙን ያቀበለችውም፣ የተቀበለችውም እውነቱን ያውቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«መድኃኒቴስ?» አለች ሮዳስ ወረቀቱን እያጠፈች።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ከደነው። «እንግዲህ እዚህ ታክመሽ አታውቂም ብለን ጽፈን እዚህ ብትታዪ ለሁላችንም አይበጅም። ቴፒ ሂጂ፣ ወይ ጅማ። እንዳታቋርጪው ግን። በድንገት ካቋረጥሽው ከበፊቱ ብሶ ነው የሚመለሰው፤ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» ብላ ወጣች። ሃያ አራት ክኒን ነበራት፤ ተሾመች ታውቃለች፤ ልጅቷ የወሰደችበትን ቀን ራሷ ነች የጻፈችው። ማታውኑ ዶክተሩ ሠላሳ አንዱን ካርድ አስወጣና ቤቱ ወስዶ ቆለፈበት። ደብዳቤው እንዲህ ሆኖ የሰዎቹን ስም አጸዳ። ሕክምናቸውንም አብሮ አጸዳው፤ ይህን ግን ማንም አላነሣም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ዌብሳይቱም ተስተካከለ። ቴዲ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚስጥር ቁጥር ጨመረበት። አሁን ስልክ ቁጥር ብቻ ቢያስገቡ አይከፈትም፤ አንድ ቁጥር በመልእክት ይላክና እሱን ሲጽፉ ነው የሚከፈተው። ተሾመች «መልእክቱ በየትኛው ስልክ ነው የሚላከው?» አለችው። «በተመዘገበው» አላትና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። የሌሎች ስንትና ስንት ገበሬዎች ካርድ ላይ እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ስልክ ነው ያለው፤ የአንዱ የወንድሙ፣ የአንዱ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የአንዷ የፈታችው ባሏ።

ጋሽ ፈንታው ደግሞ አንድ ሰኞ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መጥተው ቆሙ። አሥር ዓመት ያረጁ መሰሉ።

«ተሾመች ልጄ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ገበሬው እኔ ዘንድ ቡና አያመጣም» አሉ። «ይመጣና ዓይኔን አይቶ ይመለሳል። ሁሉን የማውቅ ይመስለዋል። እኔኮ አንድም አላነበብኩም፤ መነጽሬ የቅርብ ነው። ቁጥሬን ግን ሰርዢልኝ። የሰው ገመና በኪሴ ይዤ መዞር አልችልም።»

«ተሰርዟል ጋሼ» አለቻቸው። ቆመው ጥቂት አሰቡና ስልካቸውን ከፈት አድርገው ሲሙን አወጡት፤ መስኮቷ ደፍ ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ወሬውን ያመጣችላት የሺሃረግ ናት፤ በዚህ ረገድ እግዚአብሔር ይስጣት። ሙሽራዋ እማማ ምሕረት ግቢ ገብታለች፤ ቲቶ የሚሠራው ማሻ ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ አማቷ እንደ ልጃቸው ይዘዋታል፤ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አብረው ነው የሚወጡት። ተሾመች ጎመኑን እየከተፈች ሰማች። አብረው ነው የሚወጡት ማለት ቴፒም ጅማም አልሄደችም ማለት ነው። ሃያ አራቱ ክኒን ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል። በመጨረሻ የፋርማሲዋን ልጅ ለምና የሦስት ወር ክኒን አወጣች፤ በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አደረገችና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሸኮ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ቅዳሜን የመረጠችው የገበያ ቀን ስለሆነ ነው፤ አማትየው አይኖሩም ብላ።

ግቢው ቀላል ነበር ለማግኘት። ሮዳስ የተሰጣ ቡና ታገላብጣለች። ቀና ብላ አየቻት። ግንባሯ ላይ በቅርብ የሻረ ጠባሳ አለ። ተሾመች ፈጥና ተጠጋቻት።

«ክኒኑን ይዤልሽ መጥቻለሁ» አለች ዝቅ ብላ። «ወድቀሻል አይደል?»

«ሁለቴ። አንዴ ሽንት ቤት፣ አንዴ ጓዳ። በር መታኝ ብያለሁ።» ሮዳስ ወደ ቤቱ ዞራ ዞራ ታያለች። «እትዬ፣ ይሂዱልኝ። የት አስቀምጠዋለሁ? ትራሴን እንኳ የሚያነጥፉት እሳቸው ናቸው። ቦርሳዬን ይፈትሻሉ። አንዲት ፍሬ ቢያገኙ ወረቀቱም ውሸት፣ እኔም ውሸት ነኝ።»

«ቡናው ሥር ቅበሪው። የትም ጣይው፤ ብቻ ያዢው።»

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ ምሕረት ከቤት ብቅ ብለው። ገበያ አልሄዱም ነበር።

«እኔ እንጃ፣ አላውቃቸውም» አለች ሮዳስ።

ወይዘሮ ምሕረት ቀረብ ብለው ተሾመችን አዩዋት። «አንቺ የክሊኒኩ ሴትዮ አይደለሽም? ምረቃው ላይ ለስላሳ የተባልሽው?»

ተሾመች ቦርሳዋን በብብቷ አጥብቃ ያዘች። «ነኝ እማማ» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ነገር የሸፈነ ምላስ ሰበብ አያጣም። «ዶክተሩ ነው የላከኝ። በዚያ ቀን ስሟ በስህተት ስለተጠራ በወረቀት ብቻ አይበቃም፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው።»

ወይዘሮ ምሕረት ፊታቸው በራ። ካልገባሽ፣ ካልተቀመጥሽ አሏት፤ ገብታ ተቀመጠች። ዳቦ ቀረበ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበው። በልጃቸው የሚሠጉ፣ ሰው ምን ይለኛል የሚሉ ደህና ሴት ናቸው። አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ወረቀት በማኅተም ይጻፋል፤ ማኅተም ደግሞ ሰው ነው የሚመታው። እኛ በሃይማኖታችን አንምልም። አንቺ ግን ማተብ አስረሻል። ማተብሽን ይዘሽ ንገሪኝ፤ ይህች ልጅ ያ በሽታ የለባትም?»

ተሾመች ሮዳስን አየቻት። ሮዳስ ከአማቷ ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አታለቅስም፣ አትለምንም፤ እንዳትናገር ራሷን ብቻ በዝግታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እውነቱን ብትናገር ክኒኑ በግልጽ ቤት ይገባል፤ ግን ልጅቷን ሁለተኛ ጊዜ በሰው ፊት አውጥታ ልታሰጣት ነው፤ አሁን ደግሞ ሆን ብላ፣ በገዛ አፏ። የልጅቷን ነገር ለማንም የማውጣት መብት አልነበራትም፤ ያኔም አልነበራትም፣ ዛሬም የላትም። ማተቧን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ማተቤን፤ ምንም የለባትም» አለች።

ወይዘሮ ምሕረት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተመስገን ጌታዬ» አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ወረቀቱን አይቼም ልቤ አላረፈም ነበር። እሳት ዳር ብቻዋን ትቻት አላውቅም። ወንዝም ብቻዋን ሰድጃት አላውቅም። ምክንያት እየፈጠርኩ ከጎኗ ሳልጠፋ ነው የከረምኩት። ድካሙ ገደለኝ እህቴ። በቃ፣ ዛሬ አረፍኩ።» ወደ ማድ ቤቱ ዞሩ። «ሮዲዬ፣ ምሳውን አንቺው ጣጂው። እኔ እንግዳዬን ሸኝቼ በዚያው ጸሎት እገባለሁ፤ እስከ ማታም አልመጣ።»

«እሺ እማዬ» አለች ሮዳስ።

ተሾመች «እዚሁ ይብቃዎት፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብትል ማን ሰምቷት። እንግዳ ብቻውን አይሸኝም። ክንዷን ይዘው በሩን ሲወጡ ዞር ብላ አየች፤ ሮዳስ እንጨቱን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ተንበርክካ፣ እሳቱን እፍ ትላለች። ወይዘሮ ምሕረት እስከ ሚኒባሱ ድረስ እየተጫወቱ ወሰዷት። መኪናው እስኪሞላም፣ ከሞላም በኋላ እስኪነሣ ድረስ፣ እንደ ወጉ ቆመው ጠበቁ። ሲነሣ እጃቸውን አውለበለቡላት። ተሾመችም ያልሰጠችውን ክኒን ከነቦርሳዋ በብብቷ እንደያዘች በመስኮቱ አውለበለበችላቸው።